የቆዩ ተሽከርካሪዎች የዳሽቦርድ ጠቋሚዎች ብልሽት፦ ምልክቶች፣ የፍተሻ ቅደም ተከተልና ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

መግቢያ

በአገራችን መንገዶች ላይ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በላይ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ዛሬም በሥራ ላይ ይታያሉ። በተለምዶ «ቮልስ» የሚባለው ቮልስዋገን ቢትል፣ በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን በታክሲነት ያገለገለው ላዳ እንዲሁም በገጠር መንገዶች የሚታወቀው ላንድሮቨር ለዚህ ማሳያዎች ናቸው። እነዚህ ተሽከርካሪዎች ብልሽታቸውን መዝግቦ የሚያሳውቅ ኮምፒዩተር የላቸውም። አሽከርካሪው ስለ ዘይት፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ነዳጅና ስለ ፍጥነት የሚያውቀው በዳሽቦርዱ ላይ ባሉት ጥቂት ጌጆችና መብራቶች አማካይነት ነው።

ጌጆች ሲበላሹ በባለንብረቶች ዘንድ ሁለት ስህተቶች ይስተዋላሉ። የመጀመሪያው «የተበላሸው ጌጁ ነው እንጂ ሞተሩ ደህና ነው» በማለት ማስጠንቀቂያውን ችላ ብሎ መንዳት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የብልሽቱ ምክንያት ሳይጣራ በገበያ ላይ በቀላሉ የማይገኝ ጌጅ ፈልጎ መግዛት ነው። የመጀመሪያው ሞተርን፣ ብሎም ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ሁለተኛው ያለአግባብ ወጪ ያስወጣል። ይህ መረጃ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ሁለቱንም ስህተቶች እንዲያስወግዱ ለማገዝ የተዘጋጀ ሲሆን፣ መሠረታዊ መርሁም የሚከተለው ነው፦ የጌጁ ስህተተኛነት በፍተሻ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ የሚያሳየው ማስጠንቀቂያ እውነት እንደሆነ ተቆጥሮ እርምጃ ይወሰዳል።

1. ተሽከርካሪውን ወዲያውኑ ለማቆም የሚያስገድዱ ምልክቶች

ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ምልክቶች አንዱ ሲታይ አሽከርካሪው ደህንነቱ በተጠበቀ ቦታ ዳር ይዞ መቆምና ሞተሩን ማጥፋት ይኖርበታል።

ሀ. በጉዞ ላይ የዘይት መብራት ከበራ። የዘይት ግፊት የሌለው ሞተር በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊነክስ ይችላል። «እስከ ቅርብ ጋራዥ ልድረስ» የሚለው ውሳኔ ብዙውን ጊዜ የሞተር እድሳት ወጪ ያስከትላል።

ለ. በቮልስ ላይ የዲናሞ (የቻርጅ) መብራት ከበራ። ይህ ነጥብ ልዩ ትኩረት ይሻል። ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ራዲያተርም ሆነ የውኃ ሙቀት ጌጅ የለውም። የማቀዝቀዣው ማራገቢያ የተገጠመው በራሱ በዲናሞው ዘንግ ላይ ሲሆን ሁለቱም የሚዞሩት በአንድ ቺንጋ ነው። በመሆኑም ቺንጋው ሲበጠስ የሚቋረጠው የባትሪ ቻርጅ ብቻ ሳይሆን የሞተሩ ማቀዝቀዣ ጭምር ነው። በሌሎች ተሽከርካሪዎች «ባትሪው እስከሚያልቅ እነዳለሁ» የሚያሰኘው መብራት በቮልስ ላይ የከፍተኛ ሙቀት ማስጠንቀቂያ ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው። አሽከርካሪው ሞተሩን አጥፍቶ በመጀመሪያ ቺንጋውን መመልከት አለበት።

ሐ. በውኃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ የሙቀት ጌጁ መርፌ ወደ ቀዩ ከተጠጋ። ራዲያተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ክዳኑ ፈጽሞ መከፈት የለበትም፤ በግፊት ላይ ያለ የፈላ ውኃ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል።

መ. ሲግል የነበረ ሞተር የሙቀት መርፌ በድንገት ወደ «ቀዝቃዛ» ከወረደ። ይህ ብዙ አሽከርካሪዎችን የሚያታልል ምልክት ነው። ሙቀት የሚለካው ክፍል ሥራውን በአግባቡ የሚያከናውነው በውኃ ውስጥ ተነክሮ ሳለ ነው። ውኃው ከፈሰሰ በኋላ በባዶ ቦታ ስለሚቀር፣ ሞተሩ እየተቃጠለ ጌጁ ቀዝቃዛ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል።

ሠ. ከዳሽቦርዱ ሥር የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ወይም ጭስ ከወጣ። ሞተሩ ይጠፋል፣ ተሳፋሪዎች ይወርዳሉ፣ የባትሪው ገመድ ይነቀላል።

2. ጠቋሚዎች እንዴት እንደሚሠሩ

አንድ የኤሌክትሪክ ጌጅ ብቻውን የሚሠራ ዕቃ ሳይሆን የአምስት ነገሮች ሰንሰለት ነው። እነርሱም፦ ኃይል የሚሰጠው ባትሪና ፊውዝ፣ ጌጁ ራሱ፣ ሽቦው፣ በሞተሩ ወይም በነዳጅ ታንኩ ላይ የተተከለው መረጃ ሰጪ ክፍል (በጋራዦች «ቡልቦ» የሚባለው) እንዲሁም ኤሌክትሪኩ በተሽከርካሪው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት «ማሳ» ናቸው። ከአምስቱ አንዱ ሲቋረጥ ጌጁ የተበላሸ ይመስላል። በቆዩ ተሽከርካሪዎች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ከጌጁ ውጭ ነው፤ በዛገ የማሳ መያዣ፣ በላላ ፊውዝ፣ በተሰነጠቀ ሽቦ ወይም ባረጀ ቡልቦ ላይ። ፍተሻውም ወጪ ከማያስወጣው ክፍል ጀምሮ ወደ ውዱ የሚሄድ ሊሆን ይገባል።

3. ፍተሻ ከመጀመሩ በፊት የሚወሰዱ ጥንቃቄዎች

• ከዳሽቦርዱ ጀርባ እጅ ከመግባቱ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀል። የቆዩ ሽቦዎች ልባስ ደርቆ ስለሚሰባበር በቀላሉ እርስ በርስ ይነካካሉ።

• ማንኛውም ሽቦ ከመነቀሉ በፊት ቦታው በስልክ ፎቶግራፍ ይነሳ፤ በፕላስተር ላይ ቁጥር ተጽፎ ይለጠፍበት።

• ከነዳጅ ታንክ ጋር የተያያዘ ሥራ ነፋሻማ በሆነ ቦታ ብቻ ይከናወን። ሲጋራ፣ ሻማና ብልጭታ የሚፈጥር ማንኛውም መሣሪያ አይቅረብ። በቮልስ ላይ ታንኩ የሚገኘው ከፊት፣ ከዳሽቦርዱ አጠገብ በመሆኑ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

• የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ፣ በምስማር ወይም በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት አይተካ። ፊውዙ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ በእነዚህ ነገሮች ሲተካ ተሽከርካሪው ለእሳት አደጋ ይጋለጣል።

• የተሽከርካሪው ቮልቴጅ አስቀድሞ ይታወቅ። የቀድሞዎቹ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ወደ 12 ቮልት ተሸጋግረዋል። ሽግግሩ እንደ ሞዴሉ ዓይነት ስለሚለያይ በባትሪውና በአምፖሎቹ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። በአንዳንድ የቆዩ የእንግሊዝ ተሽከርካሪዎች ላይ ደግሞ ከማሳ ጋር የሚገናኘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው፤ ይህን ሳያረጋግጡ ባትሪ መቀየር ተጨማሪ ብልሽት ያስከትላል።

4. አጠቃላይ የፍተሻ ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ስንት ጌጅ እንደተበላሸ ይጣራ። መልሱ ጥፋቱ ያለበትን አቅጣጫ ይጠቁማል።

ሁሉም የኤሌክትሪክ ጌጆች በአንድ ጊዜ ካቆሙ፣ ምክንያቱ የጋራ የሆነ ነገር ነው። ፊውዙ፣ ከቁልፍ ማስነሻው የሚመጣው የኃይል ሽቦ ወይም የዳሽቦርዱ ማሳ ይፈተሽ። ፊውዙ ያልተቃጠለ ቢመስልም ከቦታው ወጥቶ እግሮቹና መያዣው በብርጭቆ ወረቀት ይጽዱ።

መብራት ሲበራ ወይም ፍሬቻ ሲሰጥ የጌጆቹ መርፌዎች አብረው የሚንቀጠቀጡ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማሳ ነው። ከባትሪው ወደ አካሉ፣ ከሞተሩ ወደ አካሉና ከዳሽቦርዱ ወደ አካሉ የሚሄዱት ገመዶች ተፈትተው፣ ዝገቱ ተወግዶ እንደገና ይጥበቁ።

የነዳጅና የሙቀት ጌጆች በአንድነት ከልክ በላይ ወይም ከልክ በታች ካሳዩ፣ በተለይ በቆዩ የእንግሊዝ ተሽከርካሪዎች ላይ የቮልቴጅ ማረጋጊያው ሊጠረጠር ይገባል። ይህ ከዳሽቦርዱ ጀርባ የሚገኝ ትንሽ ሣጥን ለጌጆቹ በአማካይ 10 ቮልት ያህል ይሰጣል። የራሱ ማሳ ሲቋረጥ ሙሉውን 12 ቮልት ስለሚያሳልፍ ሁለቱም ጌጆች ከፍ ያለ ንባብ ያሳያሉ። ስለሆነም ሁለት ጌጅ ከመግዛት በፊት ይህን አንድ ክፍል ማየት ተገቢ ነው።

አንድ ጌጅ ብቻ ከተበላሸ፣ ፍተሻው ወደ ጌጁ ቡልቦ፣ ሽቦና ማሳ ያተኩራል፤ ዝርዝሩ በሚቀጥለው ክፍል ቀርቧል።

5. በየጠቋሚው የሚደረግ ፍተሻ

5.1 የነዳጅ ጌጅ

በታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከነዳጁ ጋር ከፍና ዝቅ እያለ ወደ ጌጁ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ መጠን ይለውጣል። ጌጁ ሁልጊዜ «ባዶ» የሚል ከሆነ ሽቦው ተቋርጦ፣ የታንኩ ማሳ ዝጎ ወይም ተንሳፋፊው ተበስቶ ነዳጅ ገብቶበት ሰምጦ ሊሆን ይችላል።

ለማጣራት የታንኩ ክዳን ተዘግቶ፣ የቡልቦው ሽቦ ከተቻለ ከታንኩ ርቆ በዳሽቦርዱ በኩል ይነቀልና ቁልፉ ተከፍቶ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ከማሳ ጋር ይነካካ። በአብዛኞቹ የአውሮፓና የጃፓን ተሽከርካሪዎች መርፌው ወደ «ሙሉ» ይጓዛል፤ በአንዳንድ የአሜሪካ ተሽከርካሪዎች ግን ተቃራኒው ይሆናል። መርፌው ከተንቀሳቀሰ ጌጁ ጤናማ ነው፤ ጥፋቱ የሚፈለገው በሽቦው፣ በተንሳፋፊው ወይም በታንኩ ማሳ ላይ ነው። አንዳንድ ጌጆች በሙቀት የሚሠሩ በመሆናቸው መርፌው በዝግታ ሊንቀሳቀስ ይችላል።

የቮልስ ባለንብረቶች ሊያውቁት የሚገባ ልዩነት አለ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ የገባው የቮልስ ነዳጅ ጌጅ በኤሌክትሪክ ሳይሆን ከታንኩ በሚመጣ ቀጭን ገመድ የሚሠራ ነበር፤ የኤሌክትሪኩ የመጣው በ1968 ሞዴል ነው። ከዚያ ቀደም የነበሩት ደግሞ ጌጅ ሳይኖራቸው በመጠባበቂያ ነዳጅ ቧንቧ ብቻ ይሠሩ ነበር። በመሆኑም ባለ ገመዱን ጌጅ በኤሌክትሪክ መፈተሽ ፋይዳ የለውም፤ የገመዱ መጣበቅና ማስተካከያው ነው የሚታየው።

ጌጁ እስኪጠገን ድረስ ታንኩን ሞልቶ የኪሎሜትር ቆጣሪውን ንባብ በመመዝገብ የነዳጁን መጠን መገመት ይቻላል። በፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ መጠባበቂያ ቤንዚን ይዞ በተሳፋሪዎች ክፍል ውስጥ መጓዝ ግን ለእሳት አደጋ የሚያጋልጥ በመሆኑ ሊደረግ አይገባም።

5.2 የሙቀት ጌጅ

ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲከፈት የቡልቦው ሽቦ ይነቀል። መርፌው ወደ «ቀዝቃዛ» መውረድ አለበት። ቀጥሎም ሽቦው ከንጹሕ የሞተር ብረት ጋር ለአፍታ ሲነካካ መርፌው ወደ «ሙቅ» መጓዝ ይኖርበታል። ሁለቱም ከሆኑ ጌጁና ሽቦው ደህና ናቸው፤ ሊቀየር የሚገባው ቡልቦው ነው። ሽቦው ተነቅሎም መርፌው በ«ሙቅ» ላይ ከቆየ፣ ሽቦው በአንድ ቦታ ተልጦ ከብረት ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። አዲስ ቡልቦ ሲገጠም በጥርሱ ላይ ብዙ ቴፍሎን መጠቅለል ማሳውን ሊያቋርጠው እንደሚችል መታወቅ አለበት።

በአንዳንድ የቆዩ ተሽከርካሪዎች ላይ ጌጁ ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው በሽቦ ሳይሆን ፈሳሽ ባለበት ቀጭን የመዳብ ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ ሽቦ መስሎ ከተቆረጠ ጌጁ ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

የአገራችን የመሬት አቀማመጥ ለሙቀት ጌጅ ተጨማሪ ትርጉም ይሰጠዋል። ውኃ በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህን ክፍተት የሚሸፍነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ያረጀ ወይም በጨርቅ የተተካ ከሆነ፣ መርፌው ቀዩ ላይ ሳይደርስ ውኃው ሊፈላ ይችላል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሃ ጽዮን ያለውን ዳገት የመሰለ ረጅም አቀበት ከመጀመሩ በፊት የሙቀት ጌጁ መሥራቱና ክዳኑ መያዙ አስቀድሞ መረጋገጥ ያለበትም ለዚህ ነው።

5.3 የዘይት መብራት

ይህ መብራት ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ሲከፈት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለበት። ቁልፍ ሲከፈት የማይበራ ከሆነ አሽከርካሪው ያለ ማስጠንቀቂያ እየነዳ ነው። የቡልቦው ሽቦ ተነቅሎ ከማሳ ጋር ሲነካካ መብራቱ ከበራ ቡልቦው፣ ካልበራ አምፖሉ ወይም ሽቦው ተበላሽቷል።

ሞተሩ ተነስቶም የማይጠፋ ከሆነ ሞተሩ ወዲያውኑ ይጥፋና የዘይቱ መጠን በመለኪያው ዘንግ ይታይ። መጠኑ በቂ ከሆነ ሞተሩ እንደጠፋ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ የቡልቦው ሽቦ ይነቀል። መብራቱ ካልጠፋ ሽቦው ከብረት ጋር ተነካክቷል። ከጠፋ ግን ጥፋቱ የቡልቦው ወይም የእውነተኛ ግፊት ማነስ ሊሆን ስለሚችል፣ በባለሙያ በሜካኒካል የግፊት መለኪያ ሳይረጋገጥ መንዳት አይፈቀድም።

5.4 የቻርጅ መብራትና አምፔር መለኪያ

ሞተሩ ጠፍቶ የጤናማ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ንባብ 12.6 ቮልት ገደማ ሲሆን፣ ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ይደርሳል። ንባቡ ከፍ ካላለ ቻርጅ የለም ማለት ነው። ቺንጋው፣ የዲናሞው ካርቦንና መቆጣጠሪያው በቅደም ተከተል ይታዩ። በኋላ ዘመን በተሠሩት አልተርኔተር ባላቸው ተሽከርካሪዎች ላይ የዳሽቦርዱ አምፖል መቃጠል ራሱ ቻርጁን ሊያስቀር ይችላል፤ ስለዚህ ዲናሞ ከመፍታት በፊት አምፖሉን መመልከት ወጪ ይቆጥባል።

አምፔር መለኪያ ባላቸው የቆዩ ተሽከርካሪዎች ላይ አብዛኛው የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያልፈው በመለኪያው ውስጥ ነው። ከጀርባው ያሉት ብሎኖች ከላሉ ግለው እሳት ሊያስነሱ ስለሚችሉ በየጊዜው ጥብቀታቸው መታየት አለበት።

5.5 የፍጥነት መለኪያ

በቆዩ ተሽከርካሪዎች ላይ ፍጥነት የሚለካው በውስጡ በሚሽከረከር ገመድ ነው። ገመዱ በአብዛኞቹ ከካምቢዮ የሚነሳ ሲሆን፣ በቮልስ ላይ ግን ከፊት ግራ ጎማ መሐል ይነሳል፤ ጫፉም በግራሶው ክዳን መሐል ባለች ቀዳዳ አልፎ በትንሽ ቁልፍ ይያዛል። የቮልስ ፍጥነት መለኪያ ጎማ ከተፈታ በኋላ ካቆመ፣ በመጀመሪያ ይህች ቁልፍ መኖሯ ይታይ።

መርፌውም የኪሎሜትር ቆጣሪውም ከቆሙ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ከቦታው ወጥቷል። ቆጣሪው እየሠራ መርፌው ብቻ ከቆመ ጥፋቱ በመለኪያው ውስጥ ነው። መርፌው ከተንቀጠቀጠ ገመዱ ደርቋል ወይም ከልክ በላይ ታጥፏል። የውስጡ ገመድ ወጥቶ ይጽዳና በስሱ ግራሶ ይቀባ፤ የላይኛው ጫፍ ግን አይቀባ፣ ምክንያቱም ግራሶው ወደ መለኪያው ይገባል።

የመለኪያውን ትክክለኛነት ለማወቅ በኪሎሜትር ምልክቶች መካከል በተመሳሳይ ፍጥነት ሲነዳ ተሳፋሪው ሰዓት ይያዝ። በሰዓት 60 ኪሎሜትር ፍጥነት አንድ ኪሎሜትር በ60 ሰከንድ፣ በ80 ደግሞ በ45 ሰከንድ ያልቃል። ሁልጊዜ በተመሳሳይ መጠን የሚሳሳት መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ የጎማው መጠን ከመጀመሪያው መለወጡን ያመለክታል። በማይል የተከፋፈለ መለኪያ ያላቸው ተሽከርካሪዎች አሽከርካሪዎችም 30 ማይል 48 ኪሎሜትር፣ 50 ማይል ደግሞ 80 ኪሎሜትር ያህል መሆኑን ማስታወስ ይኖርባቸዋል።

6. ዕቃ ከመግዛትና ለጥገና ከመስጠት በፊት

ባለንብረቱ ወደ ጋራዥ ሲሄድ «ጌጁ አይሠራም» ከማለት ይልቅ ብልሽቱ መቼ እንደሚከሰት፣ ሌሎች ጌጆች አብረው መበላሸት አለመበላሸታቸውንና ያደረገውን ፍተሻ ውጤት ለመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያው ቢገልጽ ሥራው ይፋጠናል። የሚገዛው ቡልቦ ከጌጁ ጋር የሚጣጣም መሆን አለበት፤ ጥርሱ ስለገጠመ ብቻ ትክክለኛ ንባብ ይሰጣል ማለት አይደለም። የተቀየሩ አሮጌ ዕቃዎችንም መልሶ መረከብ ተገቢ ነው።

የፍጥነት መለኪያው ከነቆጣሪው ከተቀየረ የአሮጌው ንባብና የተቀየረበት ቀን በጽሑፍ ይያዝ፤ ተሽከርካሪው ሲሸጥም ለገዢው ይገለጽ።

7. ከዓመታዊ ምርመራ ጋር ያለው ግንኙነት

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ይደረግላቸዋል። ሆኖም ምርመራው የሚካሄደው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ በቀሪዎቹ ቀናት የተሽከርካሪው የመጀመሪያ መርማሪ አሽከርካሪው ራሱ ነው። ለዚህም ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይበቃል። በየዕለቱ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ቁልፉ ይከፈት፤ የዘይትና የቻርጅ መብራቶች መብራታቸው ይረጋገጥ። ሞተሩ ሲነሳ መጥፋታቸው ይታይ። ከአንዱ የነዳጅ ቅጂ እስከ ሌላው የተጓዘው ኪሎሜትር ይመዝገብ።

ሳይበራ የቀረ የማስጠንቀቂያ መብራት ብልሽት አለመኖሩን አያረጋግጥም። ስለሆነም ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች የማይሠራን ጠቋሚ እንደ ቀላል ጉድለት ሳይመለከቱ፣ ከረጅም ጉዞ አስቀድመው እንዲያስጠግኑ ይመከራል።